የእትዬ ሽርጥ

«አራግፊው!» አለ የክብሪት አባት።

የግቢው ጠራጊ እትዬ ምን እንደተባሉ አልገባቸውም። መጥረጊያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ሽርጣቸውን ከወገባቸው ፈቱና ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሳያውቁ ዘረጉለት። እሱም ከእጃቸው መንጭቆ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ ጎረቤቱ ሳይቀር በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ እያየ፣ ኪሱን ገልብጦ አራገፈው። አንድ ቁራጭ ሳሙና ወደቀ። የተጣጠፈ መሀረብ ወደቀ። ከዚያ ሰናፍጭ የሚያካክሉ ቢጫ ፍሬዎች ሲሚንቶው ላይ ነጥረው ተበተኑ።

«ይኸው!» አለ አባቷ። «ወርቄ በየት በኩል እንደሚወጣ ዛሬ ገና አየሁ!»

«ኧረ በፈጠረዎት! እኔ ወለል ነው የምጠርገው። ስጎነበስ የገባ ይሆናል እንጂ...»

«በቃ ውጪልኝ! ዓይንሽን እንዳላይ! የወሰድሽውን ካልመለስሽ ቀጥሎ የምንገናኘው ፖሊስ ጣቢያ ነው!»

ክብሪት ከትምህርት ቤት መመለሷ ነበር። ቦርሳዋን እንዳነገበች በረንዳው ላይ ደርቃ ቀረች። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። ክብሪት ያላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ «ቶሎ ትጫራለች፣ የነካትንም ታቃጥላለች» እያለ በቤቱም በሰፈሩም ስሙን አስለመደባት። እንግዲህ ፍረዱ፣ ያን ቀን ግን ጨርሶ አልተጫረችም። እትዬ ጎንበስ ብለው ሳሙናቸውንና መሀረባቸውን ከመሬት ሲለቅሙ ቆማ አየች። ማንም አልረዳቸውም። ወንድሟ የወርክሾፑ በር ላይ ተደግፎ የጫማውን ክር ያይ ነበር። አባቷ ሽርጡን «ማስረጃ ነው» ብሎ በሩ ላይ ባለው ምስማር ሰቀለው። እትዬ ያለ ሽርጥ፣ ቀና ሳይሉ፣ ከግቢው ወጡ።

የአባቷ ሥራ ለሰው ሲነገር ቀልድ ይመስላል፤ ከቆሻሻ ውሃ ወርቅ ያወጣል። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ አለ። እዚያ ትንንሽ የብረት ጥርሶች ወርቅ ይቀባሉ፣ ከዚያ ይታጠባሉ። እጣቢው ውሃ በበርሜል ተጭኖ እነ ክብሪት ግቢ ይመጣል። በዓይን ቢያዩት ተራ ቢጫማ ውሃ ነው። ውስጡ ግን ወርቅ ሟሙቶበታል። አባቷ ውሃውን ግድግዳው ላይ በቆመ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ያሳልፈዋል። ቱቦው በእነዚያ ከሙጫ በተሠሩ ቢጫ ፍሬዎች የተሞላ ነው። ውሃው ከላይ ገብቶ በፍሬዎቹ መሀል ሲወርድ ፍሬዎቹ ወርቁን ይይዙና በምትኩ የያዙትን ጨው ቢጤ ይለቃሉ። የኬሚስትሪ አስተማሪዋ «የአዮን ልውውጥ» ይለዋል። አባቷ «እጅ በእጅ» ይለዋል። ፍሬዎቹ ወርቅ ሲጠግቡ ከላይ ወደ ታች እየጠቆሩ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ይቃጠላሉ፣ ወርቁ ይቀራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሠራው ውሃው ቀስ ካለ ብቻ ነው። ከቱቦው ሥር ያለውን ቫልቭ አባቷ ራሱ ለክቶ በቀይ ሽቦ ያስረዋል። «ይንጠባጠብ እንጂ አይፍሰስ» ማለት ልማዱ ነው፤ እንቅልፉ ውስጥ እንኳ ሳይለው አይቀርም። ውሃው ከሮጠ ፍሬዎቹ ወርቁን የሚይዙበት ጊዜ አያገኙም፤ ወርቁ አብሮ አልፎ ከጓሮ ያለው ታንከር ውስጥ ይገባል። ታንከሩን ደግሞ በየወሩ መጨረሻ የፍሳሽ መኪና መጥቶ ይመጠዋል።

ፋብሪካው በርሜሎቹን ከመላኩ በፊት ናሙናውን አስመርምሮ ምን ያህል ወርቅ እንዳለበት ያውቃል። በዚህ ወር ፍሬዎቹ ተቃጥለው ወርቁ ሲመዘን ሲሶው የለም። አባቷ ራሱን ይዞ ግቢውን ሲዞር ቆየና የእትዬ ኪስ ላይ ደረሰ። ግን እኮ ያ ፍሬ የማይገባበት የለም! ቱቦው በተሞላ ቁጥር ይፈስሳል፣ ይንከባለላል፣ ካልሲ ውስጥ ይገባል። ክብሪት አንድ ጊዜ ትራሷ ሥር አግኝታዋለች። ይህን ያኔ በረንዳው ላይ ቆማ መናገር ትችል ነበር።

በማግስቱ ክፍል ስትገባ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ያ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰገገ ጎረቤት ልጁ እዚያው ክፍል ነው የሚማረው።

ድንቢጥ ስትገባ ከኋላ ወንበር አንዱ በሁለት እጁ ኪሶቹን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። «ኪሳችሁን ያዙ! ኪሳችሁን!» አለ። ጓደኞቹ ተንከተከቱ።

ድንቢጥ የእትዬ ልጅ ናት። ስለማትረዝምና ስለማትወፍር ነው ድንቢጥ የተባለችው። ከክብሪት ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንድ ማስመሪያ ለሁለት፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት። ያን ቀን ግን ክብሪትን አልፋ መጨረሻ ወንበር ላይ ለብቻዋ ተቀመጠች።

«ዝም በል አንተ ደረቅ!» ብላ ክብሪት የሰሌዳ ማጥፊያውን ወረወረችበት። ልጁን ሳተውና ግድግዳውን መታው፤ የጠመኔው ብናኝ ቦነነ።

ድንቢጥ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «አንቺ አሁን ነው አፍ ያወጣሽው? ትናንት የት ነበርሽ?»

«እኔ... ድንቢጥ፣ ምን ላድርግ? አባቴ እኮ ነው።»

«እሷም እናቴ ናት!»

ያ ኪሱን የያዘው ልጅ እጁን አወረደ።

«እስቲ አምጪው ቦርሳሽን» አለች ድንቢጥ።

«ምን?»

«አምጪው ነው የምልሽ!» ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ ነጥቃ ዚፑን እስከ ጫፉ ከፈተችና ገልብጣ አራገፈችው። ደብተሮቹ ወደቁ። ጫፉ የተኘከ እስክሪብቶ ወደቀ። ድንቢጥ ግን አላቆመችም፤ በትንሽ እጆቿ የቦርሳውን ቂጥ እየመታች አራገፈችው። መጨረሻ ላይ ከስፌቱ ውስጥ ቢጫ ፍሬዎች ጠብ ጠብ አሉና ጠረጴዛው ሥር ተንከባለሉ።

«ሌባ!» አለቻት። አልጮኸችም። ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ዓይኗ ላይ ተክላ ነው ያለችው። «አየሽ፣ እንዲህ ቀላል ነው።»

ክብሪት ደብተሮቿን ለመልቀም ስትጎነበስ ድንቢጥ ከላይ ሆና ቀጠለች። «እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። ምን አለች መሰለሽ? ‹ወንድ ልጃቸው እኮ ቱቦው አጠገብ አልነበረም› አለች። ‹በኳስ ጫማው ነው ከሰዓት ከሰዓት አጠገቤ የሚያልፈው› አለች። ግን ማን ይሰማታል? እሷ እኮ ጠራጊ ናት።»

በኳስ ጫማው!

ክብሪት እንደጎነበሰች ትዝ አላት። ባለፉት ሳምንታት አባቷ ወገቡን አሞት ተኝቶ ነበር። ወርክሾፑን ለጊዜው ለወንድሟ አደራ ሰጥቶት ነበር፤ አንዴም በኩራት «ልጄ ሰው ሆነ፣ ከእኔ ይፈጥናል» ብሎ ለእንግዳ ሲናገር ሰምታለች። አንድ ቀን ከአልጋው ሆኖ ጠራትና «የኔ ልጅ፣ እስቲ ቱቦውን አየት አድርጊልኝ፣ ይንጠባጠባል ወይ?» አላት። ወጣች። በሩ ላይ ከወንድሟ ጋር ተገጣጠሙ። የኳስ ጫማውን በክሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። «ደህና ነው በዪልኝ፣ ጨዋታ ረፍዶብኛል» አላት። እሷም ወርክሾፑን እንኳ ሳትረግጥ ተመለሰችና «አየሁት አባባ፣ ይንጠባጠባል» አለች።

አላየችውም። ለወንድሟ ብላ፣ ያውም ምንም ሳይመስላት፣ ዋሽታለች።

ደወሉ እንደተደወለ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን አላየችውም። በአባቷ ተናደደች፣ በወንድሟ ተናደደች፣ በዚያ አንገተ ረጅም ጎረቤት ተናደደች። እግሯ ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ እየመታች ሄደች። ከሁሉ የከፋው ግን የገዛ ድምጿ ነበር፤ «አየሁት አባባ» የሚለው። እንዲህ ያለ ጣፋጭ የመልካም ልጅ ድምፅ! ልትተፋው ፈለገች።

ወንድሟን ጓሮ ስልክ ሲያወራ አገኘችው። «ዛሬውኑ ይሁንልኝ፣ በጣም ሞልቷል» እያለ ነበር። ሲያያት ስልኩን ዘጋ።

«ክብሪቴ፣ ቦርሳሽን አስቀምጪና ትልቁን በር ክፈቺልኝ። የፍሳሽ መኪናው እየመጣ ነው።»

«ዛሬ? የወሩ መጨረሻ መቼ ደረሰ?»

«ሞልቷላ! በአፉ ሊፈስ ነው።»

ክብሪት የታንከሩን መሰላል ወጥታ ክዳኑን አነሳችና ወደ ውስጥ አየች። ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ከመሰላሉ ወርዳ ወደ ወርክሾፑ ገባች፤ የጎማ ጓንቱን አጠለቀች፣ መነጽሩን አደረገች፣ እጀታ ያለውን መቅጃ፣ ነጭ ማጥለያ ወረቀትና አንድ ጥቁር ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ወንድሟ ጠርሙሱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልይ። ያኔ ያላየሁትን።»

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መመርመሪያ ነው። ከቱቦው የሚወጣ ውሃ አንድ ጠብታ ነጭ ማጥለያ ወረቀት ላይ ይደረጋል፣ በላዩ ከመመርመሪያው ጠብ ይደረጋል። ወረቀቱ እንደነበረ ከቀረ ውሃው ባዶ ነው፤ ሐምራዊ ከሆነ ወርቅ አለበት። አባቷ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው ያስተማራት፤ ያኔ እንደ ጨዋታ ነበር፤ ድንቢጥም አብራ ታይ ነበር። ክብሪት ከታንከሩ ቀዳች። ወረቀቱን የመሰላሉ እርከን ላይ ዘረጋች። ስለቸኮለች የመጀመሪያው ጠብታ መሬት ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ አረፈ፤ በላዩ ከጠርሙሱ ጠብ አደረገች።

መጀመሪያ ጫፉ ደፈረሰ። ከዚያ መሀሉ ጠቆረ፣ ከዚያ እንደበለዘ ጥፍር ሐምራዊ ሆነ።

«ሽቦውን ፈትተህ ቫልቩን ለቀቅከው» አለች።

«ክብሪት...»

«ለቀቅከው ወይስ አልለቀቅከውም?»

«ትንሽ ነው የከፈትኩት! ጨዋታው የዋንጫ ነበር፣ በርሜሎቹ ደግሞ ለፋብሪካው ቀን ተቆርጦላቸዋል። ማን ያውቃል ይህን ያህል ያልፋል ብሎ? አሁን አታካብጂ።»

«አታካብጂ? ትናንት ሽርጣቸው ሲራገፍ እዚያው ቆመህ አልነበር? የጫማህን ክር ስታይ አላየሁህም?»

«ምን ልበል ታዲያ? አባባ ቁልፉን ሊሰጠኝ እኮ ነው! ወርክሾፑን አንተ ትይዘዋለህ ብሎኛል። ይህን ቢሰማ አለቀልኝ። እትዬ ደግሞ...» እጁን ወዲያ ወዲህ አወናጨፈ። «ጽዳት የትም አለ። ሌላ ቤት ያገኛሉ።»

«ሌባ ተብለው? ማን ያስገባቸዋል?» ክብሪት ወረቀቱን ወደ ፊቱ ዘረጋች። «ዓይንህን በጨው አጥበህ ‹ሌላ ቤት› ትላለህ! ልጃቸው ዛሬ ክፍል ውስጥ ምን እንደተባለች ታውቃለህ? አፈር ብላ! አንተን ብዬ ነው ጋሼ ስልህ የኖርኩት?»

ወንድሟ ዝቅ ብሎ በጆሮዋ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ። «ስሚ። አየሁት፣ ይንጠባጠባል ያለው ማን ነው? እኔ ነኝ? ከተናገርሽ አብረን ነው የምንገባው። ካልተናገርሽ ደግሞ መኪናው ይመጠዋል፣ ያልቃል። አስቢበት።»

ልክ ያን ጊዜ የመኪናው ጥሩምባ ከደጅ ተነፋ።

ወንድሟ ሄዶ በሩን ከፈተው። የፍሳሽ መኪናው እያጓራ በኋሊት ገባ። ሹፌሩ ወፍራም ቱቦውን ከትከሻው ላይ አውርዶ ወደ ታንከሩ ሲመጣ ክብሪት መሰላሉን ወጥታ ክዳኑ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱን በጓንቷ መሀል ይዛዋለች።

«አንቺ ልጅ ውረጂ እንጂ» አለ ሹፌሩ። «ሌላም የምሄድበት ቤት አለኝ።»

«አይቀዳም።»

«ተጠርቼ እኮ ነው የመጣሁት!»

«አይቀዳም አልኩ!»

ሹፌሩ ወደ ወንድሟ ዞረ። «ወይ ጉድ! በፍሳሽ የሚጣላ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ካማራት እኮ ልተውላት እችላለሁ።»

«ታናሽ እህቴ ናት፣ ጤና የላትም፣ አሁን ትወርዳለች» አለ ወንድሟ፤ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ወደ ክብሪት ቀና ብሎ «በእናትሽ ውረጂ» አለ፤ ይህን ያለው ግን ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የልጅነት መልኩ ተመለሰባት። ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነው፤ ወድቃ ጉልበቷ የተላጠ ጊዜ እሱ ነው አዝሎ ያመጣት። መውረድ ትችል ነበር። አንድ እግሯን እንኳ የመሰላሉ እርከን ላይ አድርጋ ነበር። ከዚያ በወርክሾፑ በር ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ሽርጥ አየች፤ ንፋሱ ባዶ ኪሱን እያወዛወዘው ነበር።

እግሯን መለሰች። ሳንባዋ የቻለውን ያህል አየር ሳበችና ጮኸች።

«አባባ!»

አባቷ ወገቡን ይዞ ብቅ አለ። «ምን ሆናችሁ? ይህ መኪና ማን ጠራው? አንቺ፣ እዚያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ውረጂ!»

ክብሪት ሳትወርድ ወረቀቱን ዘረጋችለት። አባቷ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዞረው። ሥራው ነውና ማብራሪያ አላስፈለገውም።

«ከየት ነው ይሄ?»

«ከተቀመጥኩበት።»

አባቷ ማንንም አያምንም። መሰላሉን ወጥቶ፣ ከክዳኑ ፈቀቅ አድርጓት፣ በገዛ እጁ ቀዳ፣ ወርዶ በገዛ እጁ ጠብ አደረገ፣ ጠበቁ። ወረቀቱ እንደገና ሐምራዊ ሆነ። አባቷ መጀመሪያ በተከፈተው በር ወደ ወርክሾፑ አየ። ቀዩ ሽቦ ቫልቩ ላይ ታስሯል፤ ግን እሱ በሚያስረው አኳኋን አልነበረም። ከዚያ ልጁን አየ።

«ለቀቅከው?»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። «ቸኩዬ ነበር አባባ።»

«ቸኩዬ ነበር!» አባቷ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «የሰው ንብረት ይዘህ ቸኩዬ ነበር? እኔ ቤት ተኝቼ፣ እህትህን ልኬ...» ድንገት ቃሉን አቋረጠና ወደ ላይ ቀና አለ። «አንቺ። አየሁት አላልሽኝም?»

ክብሪት መነጽሩን ከዓይኗ አነሳች። «አላየሁም። በሩ ጋ ‹ደህና ነው በዪልኝ› አለኝ፣ እኔም አልኩ። ዋሽቼህ ነው አባባ።»

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገና ቱቦውን ወደ ትከሻው መለሰ። «እኔ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ መኪናውን አስነስቶ ወጣ። እንዲህ ያለ የቤት ጣጣ መሀል መቆም አልፈለገም።

ክብሪት የሚመጣውን ጠበቀች። ጥፊም ከሆነ ትቀበለዋለች። አባቷ ግን ለጊዜው ፊቱን ወደ ታንከሩ አዞረ፤ እጁን ጎኑ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ግንባሩ ቀስ በቀስ ተፈታ።

«እንግዲያው ወርቁ አልጠፋም ማለት ነው» አለ። «እዚሁ ነው! ተመስገን! ወደ ቱቦው መልሰን እንደገና እናሳልፈዋለን። አዲስ ፍሬ አምጣ አንተ፣ ምን ይገትርሃል? ፓምፑን አምጣ! ለፋብሪካው አሁኑኑ ደውዬ...»

ያን ጊዜ ነው ክብሪት በእውነት የተጫረችው። እስከ አሁን የነደደችው ምኗም አልነበረም። ከመሰላሉ ዘላ ወረደች።

«እትዬስ?»

«ምን?»

«እትዬስ ነው የምልህ! ስለ ወርቁ ተመስገን አልክ። እሳቸውን አልጠራሃቸውም እኮ!»

«አዎ፣ አዎ...» አባቷ አገጩን አከከ። ወደ ወርክሾፑ በር ሄዶ ሽርጡን ከምስማሩ አወረደና አጣጥፎ ዘረጋላት። «ይህን ውሰጂላት። ነገር ተሳስቶ ነው፣ ነገ በጠዋት ትግባ በዪያት። ለልጅቱም ንገሪያት። እንግዲህ ነገሩን አናግንነው።»

ክብሪት ጓንቷን አውልቃ ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ያዢ እንጂ!»

«አልይዝም።»

«ክብሪት፣ ትዕግሥቴን አትፈታተኚ። ዛሬ የሠራሽው ይበቃሻል።»

«ስታራግፈው በእኔ እጅ አላራገፍከውም» አለች። አሁን አልጮኸችም። እንባዋ ግን አፍንጫዋ ድረስ ወርዶ ነበር፤ በክንዷ ጠረገችው። «ሰው ሁሉ እያየ ነው ያራገፍከው። በልጅ ተልኮ የሚመለስ ነገር ነው ይሄ? እኔም ለድንቢጥ የምነግራት የራሴ አለኝ። የአንተን ግን አልሸከምልህም።»

በአጥሩ ላይ ያ ጎረቤት እንደገና አንገቱን አስግጓል። ወንድሟ ፓምፑን እንደታቀፈ ቆሟል። አባቷ ሽርጡን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ልጁ አየ፣ ወደ ጎረቤቱ አየ፣ ወደ መሬት አየ። ሲሚንቶው ላይ ከትናንት የተረፉ ቢጫ ፍሬዎች እዚህም እዚያም ይታዩ ነበር። ከእትዬ በኋላ ግቢውን የጠረገው ሰው የለም።

«ቤቷ የት ነው?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ወርዶ።

እትዬ ይህን ግቢ መጥረግ የጀመሩት ድንቢጥን ጀርባቸው ላይ አዝለው ነው። አባቷ ግን ቤታቸውን አያውቅም።

«ተከተለኝ» አለችው ክብሪት።

አባቷ ጃኬቱን ደረበና ወደ ጓሮው ትንሽ በር አመራ። «በዚህ እንውጣ» አለ። «በዚህ ይቀርባል።»

አይቀርብም። በዚያ በኩል ሰው የለም እንጂ አይቀርብም። ክብሪት ግቢውን አቋርጣ፣ በጎረቤቱ ዓይን ሥር አልፋ፣ መኪናው ወጥቶ የተዘጋውን ትልቁን በር ከፈተችና መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ድንቢጥ በሩን ስትከፍትላት ከየት እንደምትጀምር አታውቅም ነበር።

ብዙ ጠበቀች። ከዚያ የአባቷን እግር ኮቴ ከኋላዋ ሰማች።